የሐሞት ከረጢት ፖሊፕ፦ አልትራሳውንድ ምን ያሳያል? መቼስ ያሳስባል?

ሆዳችሁን አሟችሁ አልትራሳውንድ ታያችሁ እንበል። ውጤቱ ላይ "የሐሞት ከረጢት ፖሊፕ፣ 4 ሚሊ ሜትር" ተብሎ ተጽፏል። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ጎግል ከፍቶ "ካንሰር" የሚለውን ቃል ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣው። ሌላው ደግሞ ወረቀቱን አጣጥፎ ይረሳዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት።

📌 ፖሊፕ ምንድነው?

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ያለች፣ ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት የምታጠራቅም ትንሽ ከረጢት ናት። ከግድግዳዋ ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ የሚታይ ነገር ፖሊፕ ይባላል። አብዛኛው የተጠራቀመ ኮሌስትሮል ነው፤ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ጥቂቱ ግን እውነተኛ እጢ ነው። ክትትል የሚደረገውም ለዚህ ነው።

📌 ከጠጠር በምን ይለያል?

ሐኪሙ "እስቲ በጎንህ ተኛ" የሚለው በምክንያት ነው። ጠጠር ስትገላበጡ አብሮ ይንከባለላል፤ ስክሪኑ ላይም ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። ፖሊፕ ግን ግድግዳው ላይ ስለተጣበቀ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥላም የለውም።

📌 ለምን ሳይበሉ?

ምግብ ሲገባ ከረጢቷ ሐሞቷን ለመልቀቅ ትኮማተራለች። ያኔ ትንሽ ፖሊፕ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል አትብሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

📌 ቁጥሩ ምን ይላል?

አልትራሳውንድ ብቻውን "ይሄ ካንሰር ነው፣ ይሄ አይደለም" ብሎ በእርግጠኝነት አይለይም። ለዚህ ነው መጠኑ ወሳኝ የሆነው። የአውሮፓ የሕክምና ማኅበራት በ2022 እ.ኤ.አ ያወጡት መመሪያ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

▪️ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፦ ሰውየው ለቀዶ ሕክምና ብቁ ከሆነ ከረጢቷ ትውጣ።

▪️ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር፦ ተጋላጭነት ካለ (ለምሳሌ ዕድሜ ከ60 በላይ፣ ወይም ፖሊፑ አንገት ሳይኖረው ግድግዳው ላይ የተነጠፈ ከሆነ) ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ከሌለ በ6 ወር፣ በ1 ዓመትና በ2 ዓመት ድጋሚ ይታያል።

▪️ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች፦ ተጋላጭነት ከሌለ ክትትል አያስፈልግም። ካለ ከላይ ባለው ጊዜ ይታያል።

በክትትሉ 10 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይወጣል። በ2 ዓመት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካደገ ደግሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር የግድ ነው።

📌 ወረቀቱን አትጣሉት!

2 ሚሊ ሜትር በጣም ትንሽ ናት። የድሮው ውጤት ከሌለ "አድጓል ወይስ አላደገም?" የሚለውን ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም። ውጤቱን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። በተቻለ መጠን እዛው የታያችሁበት ቦታ ድጋሚ ታዩ።

⚠️ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ከባድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ተቋም ሂዱ።

ይህ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው። የእናንተን ውጤት የሚወስነው ያያችሁ ሐኪም ነው።