ኦይስተርና ነጭ ወይን ጠጅ በጅቡቲ ወደብ

በቀይ ባሕርና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ለዘመናት ሲፈለግ የኖረው ለሥጋው ሳይሆን በውስጡ ለሚገኘው ሉልና ለሚያብረቀርቀው ዛጎሉ ነበር። ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ከባሕሩ ወለል ይለቅሙት፣ ጀልባው ላይ በቢላ ይፈለቅቁት ነበር፤ አብዛኛው ዛጎል ግን ሉል አልነበረበትም። ኦይስተርን በጥሬው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ በቀዝቃዛ ነጭ ወይን ጠጅ እያወራረዱ መብላት ወደ ጅቡቲ የመጣው ከፈረንሳዮች ጋር ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት በኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት ለሚጸየፈው የደጋ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩ እስከ ዛሬ ባዕድ ነው።

ጅቡቲ በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳዊው ሊዮንስ ላጋርድ ተቆረቆረች። የባቡር ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የፈረንሳይ ወይን ጠጅም በዚያው መንገድ ወደ መሀል አገር ገባ። በ1908 በአጼ ምኒልክና በፈረንሳይ መንግሥት መካከል የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በፈረንሳይ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ በመገደቡ ንግዱን አቀለለው።

ወይንንና ኦይስተርን በአንድ ሕይወት ያገናኘው ሰው ፈረንሳዊው ኦንሪ ደ ሞንፍሬድ ነው። በ1879 የተወለደው በሜዲትራኒያን ዳር፣ በሌካት አካባቢ ነው፤ አካባቢው የወይን አገር ሲሆን በሌካት ሐይቅ ዛሬ ኦይስተር ይረባበታል። በ1911 ወደ ጅቡቲና ኢትዮጵያ መጥቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ጀመረ፤ በኋላ በራሱ ጀልባ ሉል፣ መሣሪያና ሐሺሽ ያመላልስ ነበር። እስልምናን ተቀብሎ አብድ ኤል ሐይ ተባለ። የሚነግድበት የሉል ገበያ ግን ብዙ አልቆየም፤ የጃፓኑ ሚኪሞቶ በእርባታ የሚያመርተው ሉልና የ1929ኙ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ አንድ ላይ አንኮታኮቱት።

የትኛው ወይን ጠጅ ከኦይስተር ጋር ይስማማል ለሚለው ጥያቄ ፈረንሳዮች ያገኙት መልስ ቀላልና አሳማኝ ነው፤ ደረቅ፣ ጎምዛዛና ቀዝቃዛ ነጭ። የወይኑ ጎምዛዛነት የሎሚውን ሥራ ይሠራል፤ የሥጋውን ቅባትና ጨው ያቃልላል። ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው ሙስካዴ ነው። በናንት ከተማ ዙሪያ የሚመረት ሲሆን፣ በ1709ኙ ከባድ ውርጭ የአካባቢው ወይን ካለቀ በኋላ ብርድ የሚችለው ሜሎን የተባለው ተክል ተስፋፋ። ጥሩው ሙስካዴ ክረምቱን ከአተላው ጋር ይከርማል፤ ከዚያ የሚያገኘው ለስላሳነት ከኦይስተሩ ሥጋ ጋር ይገጥማል። ሻብሊ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅም የታወቀ ነው፤ የሚበቅልበት የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በነበረ ባሕር የሞቱ ጥቃቅን ኦይስተሮች ቅሪት ሞልቶበታል። ጣዕሙ ከዚያ ቅሪት ይመነጫል የሚለውን ግን ለማመን ያስቸግራል፤ ተክሉ ዛጎሉን አይቀምስምና። በርካሽ ዋጋ ደግሞ ፒክፑል ዴ ፒኔ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሚመረተው ኦይስተር በሚረባበት በቶ ሐይቅ አጠገብ ነው።

ቀይ ወይን ጠጅ የሚከለከለው በከንቱ አይደለም። በ2009 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ብረት የበዛበት ወይን ጠጅ ከባሕር ምግብ ጋር ሲጠጣ የዓሣ ክርፋት እንደሚያስነሣ አሳይቷል። ብረት የሚበዛው በቀይ ወይን ጠጅ ብቻ ነው ባይባልም፣ ብዙ ቀዮች ከነጮቹ ይበልጣሉ። ጣፋጭ ወይንም አይሆንም።

በጅቡቲ ከወይኑ ምርጫ በፊት የሚታሰበው ሙቀቱ ነው። በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው አየር የባሕር ተህዋስያን በፍጥነት ይራባሉ፤ ስለዚህ ኦይስተሩ እስኪበላ ድረስ በበረዶ ላይ መቆየት አለበት፣ ዛጎሉ ተከፍቶ የማይዘጋው ይጣላል። ወይኑም ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይቅረብ።

ዛሬ ከኢትዮጵያም ምርጫ አለ። በዝዋይ የሚገኘው የካስቴል ወይን ጠጅ ፋብሪካ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው በ2014 ነው፤ የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔውም ከሻብሊ ጋር የአንድ ዘር ወይን ነው። ሞቃት ፀሐይ የሚያበስለው ወይን ጎምዛዛነቱ ስለሚቀንስ፣ ለጥሬው ሳይሆን በቅቤ ለተጠበሰ ወይም በምድጃ ለበሰለ ኦይስተር ይሻላል።