1997 ሲባል ምርጫው ብቻ አይደለም

1997 ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ምርጫው ነው። ዛሬ እሱን እንተወውና በዚያው ዓመት የሆኑ ሌሎች ሁለት ነገሮችን ላንሳ። አንደኛ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ሁለተኛ፣ ከምርጫው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 1፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ላይ ያነሳኋቸው ሁለቱም የሚነኳቸው፣ በታሪካችን ግን የማይነሱ ሰዎች ስላሉ ነው፦ ትራንስጀንደር ሴቶች። ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት ብለው የሚያውቁ ማለቴ ነው። ወዳጆቼ፣ ከመሳደባችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። ኤድስ እዚህ አገር የታወቀው በ1978 ነው። ነጻው መድኃኒት እስኪመጣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ መሀል ስንቱ ሰው ከበሽታው ይልቅ ጎረቤቱን ሲፈራ እንደሞተ የዘመኑ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ከሱሉልታ ጋራውን ተሻግሮ፣ እንጦጦ ማርያም ጠበል ዙሪያ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕሙማን ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ለመዳን ነው የመጡት፤ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት ለመታመምም ጭምር። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ እንኳ፣ ጠበል ላይ ክኒን መጨመር እምነት ማጉደል ነው ተብለው ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩ። ሚኒስቴር ያላወጣው ቢሆንም፣ እኔ ከዘመኑ ትልልቅ የጤና ውሳኔዎች እንደ አንዱ ነው የምቆጥረው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ክልከላው አዲስ አልነበረም፤ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ያስቀመጠውን ነው አዲሱ በአንቀጽ 629 ያስቀጠለው። በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። ልብ በሉ፣ አንቀጹ የሚያወራው ስለ ድርጊት ነው። ስለ አለባበስ፣ ስለ አረማመድ፣ አንድ ሰው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ምንም አይልም። ሰፈር ግን ይህን መች ይለያል? ያው የሕግ መጽሐፍ ደግሞ አንቀጽ 399 ላይ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ያወጣ ሐኪም ወይም ነርስ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሕግ ያጠናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ 629ን ከሚያውቀው ሰው ውስጥ ስንቱ 399ን ያውቃል?

አሁን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አስቡ። ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሸ ሰው የሚገባባቸው፣ ግን አሁንም ሰው ሰውን የሚያውቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ካርድ ይወጣል፣ ኮሪደር ላይ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ስም ከነአባት ጮክ ተብሎ ይጠራል። የተጠራው የወንድ ስም፣ የምትነሳው ሴት። አግዳሚው ላይ አከራይዋ ልትኖር ትችላለች። ሐኪሙ ጋ ሳትደርስ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እሺ፣ ራቅ ብላ አዲስ አበባ ትታከም እንበል። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ለባለትዳርና ለልጆች ጥሩ አሠራር ነው፣ አልነቅፈውም። ቤተሰቧ ያባረራት ግን የማን ቤተሰብ ሆና ትመዝገብ? ብትመዘገብም መጀመሪያ የምትሄደው ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር የሚጻፈው ከዚያ ነው። ያው ኮሪደር! አለዚያ ከኪሷ ትከፍላለች። ሐኪም የራቀው ሰው ደግሞ ፋርማሲ ነው የሚቀርበው። ሆርሞን ፍለጋ የወሊድ መከላከያ ክኒን ያለ ምርመራ መዋጥ በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ደም ሊያረጋ ይችላል።

ቁጥር ውስጥም የሉም። በ2013 እ.ኤ.አ. የ15 አገሮችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት ከትራንስጀንደር ሴቶች 19 በመቶ ያህሉ ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ አሳይቷል። ከ15ቱ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ቅድሚያ ይሰጣቸው ካላቸው አምስት የማህበረሰብ ክፍሎች አንዱ እነሱ ናቸው። የእኛ ዝርዝር ሴተኛ አዳሪዎችን፣ ታራሚዎችን፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮችን ይጠራል፤ እነሱን ዘሏቸዋል።

“የፈረንጅ ነገር ነው” የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። “ሴታ ሴት”ን ማን አስተማረን ታዲያ? ስድብ ቢሆንም የራሳችን ቃል ነው። ደቡብ ውስጥ፣ ማሌ ዘንድ፣ እንደ ሴት ለብሰው የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች “አሽትሜ” ይባሉ እንደነበር አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም ጽፎታል።

ነሐሴ 2015 ላይ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን ገልጾ ሕዝቡ እንዲጠቁም ሲጠይቅ፣ ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ ነበር። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ መከራከር ትችላላችሁ፣ እኔንም ስደቡኝ። የሰው ስም፣ ፎቶ ወይም ሰፈር የሚጠቅስ ኮሜንት ግን ወዲያው አጠፋለሁ።