ከጭነት ወደ ተሳፋሪ፦ የዕቃ መኪና የሰው መኪና ሲሆን

የማወራችሁ ከቂርያት ጋት ነው። ለወትሮው ስለ ቄሶች፣ ስለ ጎንደር መንደሮች፣ ስለ ሱዳን መንገድ ነው የምናወጋው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ነው። አትሳቁ! ስለ ሚስኻሪት፣ ያቺ ኋላዋ መስኮት የሌላት፣ ለዕቃ ብቻ የተሠራች መኪና።

እኔና አጎቴ አንዲት አሮጌ ሚስኻሪት ገዝተን የቤተሰብ መኪና እያደረግናት ነው። ሥራው ላይ እያለን አንድ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። የእኛ ማኅበረሰብ ታሪክ ለዕቃ ተሠርተው ሰው ባጓጓዙ ነገሮች የተሞላ ነው። የጭነት መኪና፣ የጭነት አውሮፕላን፣ ቀራቫን። የታሪክ ተማሪ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ዛሬ ይህንን ታሪክ አብረን እንከተለዋለን።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። አማርኛችን ለሁለቱ ለየብቻ ቃል አለው። ዕቃ ይጫናል፤ ሰው ይሳፈራል። የተጫነ ነገር ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም፣ ወንበር አይፈልግም፣ በመስኮት አያይም። ተሳፋሪ ግን ይጠይቃል፣ ያጉረመርማል፣ ሲደርስም «ወራጅ አለ!» ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ወላጆቻችን በአንዱና በሌላው መካከል ነው የተጓዙት።

እሺ፣ ከሱዳን እንጀምር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈረደ አክሉምና ሌሎችም የሱዳንን መንገድ ከከፈቱ በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ አካባቢ መጡ፤ እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ካምፖች ተቀመጡ። ከዚያስ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሞሳድ በቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ቀን ቀን እውነተኛ ቱሪስቶች እየዋኙ፣ ሠራተኞቹ ማታ በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ይሄዱ ነበር። ሰዎቻችንን ከካምፑ ውጪ ተቀብለው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነድተው፣ ወደ ባሕሩ ዳር ያደርሷቸዋል። እዚያ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ወስደው ባት ጋሊም ወደምትባለው መርከብ ያሻግሯቸዋል።

አባቴ ልጅ ሆኖ ነው በዚያ ዘመን የመጣው። ከጭነት መኪናው የሚያስታውሰው ሦስት ነገር ነው፤ የናፍጣ ሽታ፣ ከላይ የተዘረጋው ሸራ፣ «ዝም በል» የሚል ድምፅ። መንገዱን ጭራሽ አላየውም። ኬላ ላይ አንድ ሕፃን ካለቀሰ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ስለዚህ ሰዎቹ ዕቃ መምሰል ነበረባቸው። የዳኑት ለጥቂት ሌሊት ጭነት ስለመሰሉ ነው።

ከ1982 ጀምሮ ደግሞ ሄርኩለስ መጣ። እዚህ አገር «ካርናፍ»፣ አውራሪስ ይሉታል። ለጭነትና ለወታደር የተሠራ አውሮፕላን ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ1954 ነው። ሆዱ ወደ 12 ሜትር ይረዝማል፣ 3 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ኋላው እንደ ድልድይ ወደ መሬት ይከፈታል። በመደበኛው 92 ወታደር በሸራ ወንበር ይይዛል። በሱዳን በረሃ ሲያርፍ ግን ሕዝቡ ወለል ላይ ተጠጋግቶ ነበር የሚቀመጠው። የዘመቻ ሙሴ ሰዎች፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ማለት ነው፣ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ተወስደው በመንገደኛ አውሮፕላን ሄዱ። ወሬው ወጥቶ ዘመቻው ሲቋረጥ ደግሞ በማርች 1985 የአሜሪካ ሄርኩለሶች መጥተው ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ከገዳሪፍ አጠገብ አነሡ። እንደገና የጭነት አውሮፕላን ማለት ነው።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት እንሂድ፤ ዘመቻ ሰሎሞን። ሜይ 24 ቀን 1991፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 16 ቀን 1983፣ አርብ ተጀመረ፤ ቅዳሜ አለቀ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ከወጣ ገና 3 ቀኑ ነው። ከ4 ቀን በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በዚህች ጠባብ ክፍተት፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች መጡ።

እንዴት ተቻለ? ወንበር በማውጣት! ከአውሮፕላኖቹ ወንበራቸው ተነቀለ። ወንበር ክብደት አለው፣ ቦታ ይይዛል፣ በመካከሉም መተላለፊያ ይፈልጋል። እሱ ሲወጣ ወለሉ ሜዳ ይሆናል። ሰዎቻችን ቀጫጮች ነበሩ፣ ሻንጣም አልያዙም። በአንድ የኤል አል 747 ላይ ብቻ ከ1,080 በላይ ሰዎች መጡ፤ እስከ ዛሬ በዓለም መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው። በበረራው መካከል የወለዱ እናቶችም ነበሩ።

ይህንን ቁጥር በትምህርት ቤት በየዓመቱ እንሰማዋለን። እኔ ግን አያቴን ሌላ ነገር ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ወለሉ ላይ ስትቀመጡ ምን ተሰማሽ?» አልኳት። ሳቀች። «ልጄ፣ እኔ መች አወቅኩ! አውሮፕላን ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ። ወንበር እንዳለው ያየሁት ከዓመታት በኋላ ጎንደርን ልጠይቅ ስሄድ ነው» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «መስኮቱ ሩቅ ነበር። አገሬን ስለቅ አላየኋትም» አለች።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። ወንበሩን ማውጣት ትክክል ነበር። አንድ ወንበር ሲወጣ አንድ ሰው ተጨማሪ ይገባል፤ በዚያ ቀን ምቾት የሚባል ጥያቄ አልነበረም። አስቸኳይ ጊዜ ግን መጨረሻ አለው። ለጥቂት ሰዓት የተፈቀደ ነገር ለዓመታት ከቆየ ሌላ ስም ይኖረዋል። የመንገደኛ አውሮፕላኖቹ ወንበራቸው ተመልሶ ተገጠመላቸው። ሰዎቹስ? ብዙዎቹ በሆቴልና በቀራቫን መንደር ገቡ፤ አኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ቤርሼባ አጠገብ ናሐል ቤቃ። ቀራቫን «ለጊዜው» ነበር የተባለው። ለጊዜው የተባለው ለብዙ ቤተሰቦች ዓመታት ወሰደ። በ1990ዎቹ ልዩ የቤት ብድር ሲመጣ ነው ብዙዎች ቤት ገዝተው እንደ ቂርያት ጋት ወዳሉ ከተሞች የገቡት። በእኔ ሐሳብ ከጭነት ወደ ተሳፋሪ የተሸጋገሩት ያኔ ነው፤ በራቸውን በራሳቸው ቁልፍ የከፈቱ ዕለት።

ይህ ነገር ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። ቂርያት ጋት ራሷ እንዲህ ነው የተወለደችው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የላኺሽ አካባቢ ሲሠፈር «ከመርከብ ወደ መንደር» የሚባል መመሪያ ነበር። ከሞሮኮና ከሌላም አገር የመጡ ቤተሰቦች ሃይፋ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርደው በጭነት መኪና በቀጥታ ወደ አዲሶቹ መንደሮች ይወሰዱ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ በደንብ ሳያውቁ። የጎረቤቶቻችን አያቶችና የእኛ አያቶች አንድ ዓይነት ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ ግን አብረን ስናወራው ብዙም አልሰማሁም።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? እዚያ ደግሞ የዕቃ መኪናን የሰው ማድረግ ሙያ ነው፤ በዚያ ላይ ቀልድም አለበት። በአዲስ አበባ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበር። ፔጆ 404 ፒክአፕ ነው፤ ለዕቃ የተሠራ። ኋላው ላይ ጣራ አበጁለት፣ ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር ገጠሙለት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል፣ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ በየቀበሌው የውይይት ክበብ ሞልቷል። ሕዝቡም ሰው ተፋጥጦ የሚቀመጥበትን መኪና «ውይይት» አለው። በቃ፣ ስም ወጣለት!

«ቅጥቅጥ» ደግሞ አለ። የአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ አገር ውስጥ የአውቶቡስ አካል ተቀጥቅጦ ይሠራለታል፤ ስሙም ከመዶሻው መጣ። ሰማያዊና ነጭ ከሆኑት ሚኒባስ ታክሲዎችም ብዙዎቹ የዕቃ ቶዮታ ሃያስ ሆነው ገብተው፣ ጋራዥ ውስጥ መስኮት ተቆርጦላቸው ወንበር የተተከለላቸው ናቸው። በአውሮፓም ያው ነው። ያቺ ታዋቂ የቮልስዋገን ቫን የተጀመረችው በ1947 ቤን ፖን የሚባል ሆላንዳዊ ነጋዴ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ማመላለሻ ጋሪ አይቶ በደብተሩ ላይ በሳላት ሥዕል ነው። በ1950 መመረት ጀመረች፤ በ1951 ቬስትፋልያ የሚባል ድርጅት አልጋና ቁም ሳጥን ገጠመላት። ልዩነቱ እዚያ የሽርሽር ነው፤ አዲስ አበባ የእንጀራ።

አሁን ወደ እኛዋ መኪና። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ዳቦ ስታመላልስ ነው የኖረችው፤ በየስንጥቁ ዱቄት አለ። ለመሥራት ለምታስቡ፣ አጎቴ ያስተማረኝን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሁሉንም አውጡ። የወለሉን ጎማ፣ የግድግዳውን ኮምፔንሳቶ፣ ሁሉንም። አብዛኛው ሰው ከላይ ብቻ አጥቦ ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ዝገቱ ግን ያለው ከሥር ነው። ሁለተኛ፣ በደረቁ ጥረጉና ምጠጡ፤ ዱቄት ላይ ውኃ ካፈሰሳችሁ ሊጥ ነው የሚሆንባችሁ። ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡ፤ በሮቹን ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይምታት። ሦስተኛ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቁ፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። የተበሳ ካገኛችሁ ለበያጅ ስጡ እንጂ በማስቲሽ አትሸፍኑት። አራተኛ፣ ባዶ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ነው፤ ድምፅ የሚያፍን ሬንጅ ነክ ንጣፍ ለጥፉበት፣ በላዩም ሙቀት መከላከያ። በቂርያት ጋት ኦገስት ያለ እሱ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። ከዚያ ኮምፔንሳቶ፣ በላዩም ሊታጠብ የሚችል የወለል ፕላስቲክ።

አምስተኛው ወንበር ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋታ የለም። መኪናዋ ስንት ሰው እንደምትይዝ ሪሽዮኗ ላይ ተጽፏል። ወንበር መጨመርም ሆነ መስኮት መቁረጥ የአካል ለውጥ ነው፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን ፈቃድና ፈቃድ ያለው ሙሳኽ ይፈልጋል፤ ካለዚያ ቴስት አታልፍም። ከዚያም በላይ፣ ከወለሉ ጋር በትክክል ያልታሰረ ወንበር ፍሬን ሲያዝ ከነሰውየው ወደፊት ይበራል። ቤት ውስጥ የተሠራ አግዳሚ መኪናዋ ቆማ ቡና ለመጠጣት ይሁን፤ ስትሄድ ማንም አይቀመጥበት። ቀበቶ የሌለው ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጭነት ነው።

እኛ አንድ ረድፍ፣ ሦስት ወንበር ከነቀበቶው አስገጠምን። ገንዘቡ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙም አይተናነስም፤ አጎቴ እስካሁን ያጉረመርማል። አያቴ ምን እንደምትፈልግ ስንጠይቃት ግን ምንጣፍም መጋረጃም አላለችም። «ለእግሬ መርገጫ፣ ለእጄ መያዣ፣ ከጎኔ መስኮት» አለች። ሦስቱም ተሠርተዋል። ለሲግድ ወደ ኢየሩሳሌም ይዘናት ለመውጣት ነው ያሰብነው።

እንግዲህ የዛሬውን ልቋጭ። የዘመቻዎቹን ስምና ቁጥር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ሰዓት። በቁጥሩ ውስጥ የሌለው አንድ ሰው የት እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሰንበት አያታችሁን፣ አባታችሁን፣ አክስታችሁን ጠይቁ። «እንዴት መጣችሁ?» አትበሉ፤ እሱን መቶ ጊዜ መልሰውታል። «ምን ላይ ተቀምጣችሁ ነበር? ከጎናችሁ ማን ነበር? መስኮት ነበረው? ከዚያ በኋላስ የመጀመሪያው የራሳችሁ ወንበር የቱ ነው?» በሏቸው። በስልካችሁ ቅዱትና ላኩልን፤ ከፈቀዱልን በሚቀጥለው ክፍል እናሰማዋለን።

እስከዚያው ቀበቶ እሰሩ። ሻባት ሻሎም፣ ሰላም ሁኑ!