ተኩስ ሲቆም የሚያተርፈው ማን ነው? ከአቼ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ውድ አንባቢ ሆይ! አንድ መንግሥትና አንድ የታጠቀ ቡድን «ተኩስ አቆምን» ብለው መፈራረማቸውን ስትሰማ በቅድሚያ ወደ አእምሮህ የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ማን አሸነፈ? ማንስ ተሸነፈ?» ብለን እንጠይቃለን። ይሁንና ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከስምምነቱ የሚያተርፈው ማን ነው? ቢፈርስስ የሚከስረው ማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱን ለመፈለግ በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ወደምትገኘው አቼ እንሂድ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቼ ቀደም ሲል በራሷ ሱልጣኖች ትተዳደር የነበረች፣ ከ1873 ጀምሮ የሆላንድን ወራሪ ጦር ለአሥርት ዓመታት የተፋለመች የሙስሊሞች ምድር ናት። የዚያ አካባቢ ሑጃጆች መርከብ የሚሳፈሩት ከእርሷ ስለነበር «የመካ በረንዳ» ትባላለች። በ1971 አሩን በተባለ ሥፍራ ከፍተኛ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ገቢው ግን በአብዛኛው ወደ ጃካርታ እየሄደ የአገሬው ሰው ከድህነቱ አልወጣም። ሐሰን ዲ ቲሮ የተባሉት ሰው ዲሴምበር 4 ቀን 1976 የነጻ አቼን ንቅናቄ መሥርተው ነጻነት አወጁ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ገደማ በቆየው ጦርነት 15 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የሚያሳዝነው ደግሞ በሁለቱም ወገን ጠመንጃ ይዘው ከተሰለፉት አብዛኞቹ ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ መሆናቸው ነው።

ዲሴምበር 9 ቀን 2002 ሁለቱ ወገኖች ጄኔቫ ላይ ግጭት ለማቆም ተፈራረሙ። ከታይላንድና ከፊሊፒንስ የመጡ ታዛቢዎችም ተመደቡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግድያው እጅግ ቀነሰ፤ ገበሬውም ትንሽ ተነፈሰ። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም አቼ ነጻ ትውጣ ወይስ በኢንዶኔዥያ ሥር ትቆይ የሚለው፣ ሳይፈታ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ንቅናቄው በፋታው ተጠቅሞ ስለ ነጻነት በየመንደሩ ሰበከ። መንግሥት በበኩሉ «ጊዜ እየገዙብን ነው» አለ። የታዛቢዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ጥቃት ደረሰባቸው። በሜይ 2003 የቶኪዮው ድርድር ከሸፈና ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ፤ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ጦር ዘመተ። ሌላው ቀርቶ የንቅናቄው ተደራዳሪዎች እንኳ ታሰሩ።

ለምን ፈረሰ? የጦር መሣሪያ የያዘው ሰው ስምምነቱ ቢፈርስ የሚያጣው ነገር አልነበረውምና ነው። ወታደሩ በየኬላው ከጭነት መኪና ሹፌር ገንዘብ ይቀበላል፤ ተዋጊውም ከነጋዴው «ግብር» ይሰበስባል። ሁለቱም ከጦርነቱ ይበላሉ። የሚከስረው ሹፌሩና ነጋዴው ሲሆን፣ እርሱ ግን በድርድሩ ወንበር አልነበረውም።

ታዲያ ተኩስ ማቆም ጊዜ መግዣ ብቻ ነውን? በፍጹም! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ከቁረይሾች ጋር በሑደይቢያ ያደረጉትን የአሥር ዓመት ስምምነት አስታውስ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ውሉ ከብዷቸው ነበር። ነገር ግን ሰዎች ያለ ፍርሃት ተገናኙ፣ ተነጋገሩ። በሑደይቢያ ከነቢዩ ጋር የነበሩት 1400 ያህል ሲሆኑ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ መካ የገቡት 10 ሺህ ገደማ ነበሩ። የሰላሙ ትልቅ ትርፍ የተገኘው ከዚህ መገናኘት ነው።

ወደ አቼ እንመለስ። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 የባሕሩ ማዕበል በአቼ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያም በፊንላንዱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በማርቲ አህቲሳሪ ሸምጋይነት ኦገስት 15 ቀን 2005 ሄልሲንኪ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። ንቅናቄው የነጻነት ጥያቄውን ተወ፤ 3000 ተዋጊዎቹን በትኖ 840 መሣሪያ ሊያስረክብ ተስማማ። መንግሥት ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር ያመጣውን ጦር ሊያስወጣ፣ እስረኞችን ሊፈታ፣ አቼ የራሷን ፓርቲዎች እንድታቋቁምና ከነዳጅና ጋዝ ገቢዋ 70 በመቶውን እንድታገኝ ቃል ገባ። በዚህ ጊዜ ግን ውሉ ቢፈርስ ሁለቱም ይከስራሉ። መንግሥት የአገሩን አንድነት፣ ንቅናቄውም በምርጫ ሥልጣን የመያዝ ዕድሉን ያጣሉ። ስለዚህም ውሉ ጸና።

ዳሩ ግን ትርፉ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። የንቅናቄው ሰው ኢርዋንዲ ዩሱፍ ማዕበሉ እስር ቤታቸውን ሲያፈርሰው ያመለጡ እስረኛ ነበሩ፤ በዲሴምበር 2006 ተመርጠው የአቼ ገዥ ሆኑ። እኚሁ ሰው በሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው በሙስና ተይዘው በ2019 ሰባት ዓመት ተፈረደባቸው። ከቀድሞዎቹ አዛዦች አንዳንዶቹ የሥራ ተቋራጭ ሆነው በመልሶ ግንባታው ገንዘብ ሲበለጽጉ፣ ብዙ ተራ ተዋጊዎች ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ከሁሉም ወደ ኋላ የቀሩት ልጆቻቸውና ባሎቻቸው ተወስደው የጠፉባቸው ቤተሰቦች ናቸው። ለሟች ወራሾች ዲያህ በሚል ስም ገንዘብ ተሰጥቷል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ! ገዳዩ ሳይታወቅ፣ ጥፋቱም ሳይታመን የሚሰጥ የደም ካሳ ሐዘንን ያብሳልን? በሄልሲንኪው ውል ቃል የተገባው የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን በአቼ ሥራ የጀመረው በ2016፣ ማለትም ከ11 ዓመት በኋላ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ እነዚያ እናቶች ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁት «ልጄ የት ተቀበረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበር።

ቢሆንም ተኩስ መቆሙ ለእነርሱም ትርፍ አልነበረውም ማለት አይደለም። የቀሩላቸው ልጆች በሕይወት አድገዋል፤ ይህ ደግሞ በገንዘብ የማይተመን ነው። ስለዚህ ወደፊት ተኩስ አቁም መፈረሙን ስትሰማ በፈራሚዎቹ ፈገግታ ብቻ አትርካ፤ በጥርጣሬም አትናቀው። ጠመንጃ የያዙት ቢያፈርሱት ምን እንደሚያጡ፣ ጠመንጃ ላልያዘውም በውሉ ምን እንደተጻፈለት መርምር። አላህ በመካከላችን ማስታረቅን ያግራልን።