ተራ የማይጠበቅበት ጦርነት

ባለፈው ገና ሁርሶ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ከውጭ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ድራጎንና አስማተኛ የሚዋጉበት ካርታ ይዛልን መጥታለች። እራት ተበልቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ከበን ሕጉን ታስረዳናለች። አጎቴ ግማሽ ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈ ሰው ነው። ድራጎኑን ጨብጦ ትንሽ ታገሠና «ቆይ እንጂ፣ ጠላት ተራ ይጠብቃል እንዴ?» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን ጥያቄው አልወጣልኝም። ተራ የማይጠበቅበት የጦርነት ጨዋታ እኛው ነበረና። ስሙ ሰንጠረዥ ይባላል። አዎ፣ ዛሬ ቁጥር የምንደረድርበት ሰንጠረዥ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼዝ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል ሲዞር እኛም ዘንድ ደረሰ። ዐረቦቹ «ሸጥረንጅ» ያሉትን እኛ ሰንጠረዥ አልነው። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ዝሆን፣ ፈረስ፣ እግረኛ አለው። ልዩ የሚያደርገው አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደፈጠነ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ያ የግርግር ምዕራፍ ስሙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወረራ!

አጼ ልብነ ድንግል ከቬኒሱ ሠዓሊ ከቢቺኒ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እውነተኛው ጦርነት ደግሞ ከዚሁ ከእኛ ከምሥራቅ መጣባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ ድል አደረጓቸው። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ አይቷል። መኳንንቱ ከበዋቸው፣ ሎሌዎች ሳይቀሩ «ይቺን አንሣ፣ ያቺን ግፋ» እያሉ ይመክሩ ነበር።

ደስ የሚለኝ ግን የአሸናፊነት ክብሩ ነው። ንጉሡን በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ይታያል። በዝሆን ይሻላል። በእግረኛ ከሆነ ግን ጭብጨባ ነው። ጌቶች በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ትልቁ ክብር የትንሹ ወታደር መሆኑ አይገርምም?

ታዲያ የት ገባ? የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ሲጽፉ ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየጠፋ መሄዱን ይናገራሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የገደለው የጌቶች ቤት መሆኑ ነው። ገበጣን ተመልከቱ፤ መሬት ላይ ጉድጓድና ጥቂት ጠጠር ይበቃዋል፤ እረኛም ሕፃንም ይጫወተዋል፤ ስለዚህ አልሞተም። ሰንጠረዥ ግን የዝሆን ጥርስ ጠጠርና አዳራሽ ለመደ። አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ጨዋታ የሚኖረው ልጆች እጅ ከገባ ብቻ ነው።

በማግስቱ ካርቶን ላይ 64 ቤት አሰመርን። እግረኞቹ የለስላሳ ቆርኪ ሆኑ። ወረራው ሲጀመር የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ይመስክር። ጋሼ ፈረሶቹን እየነዳ ሲሮጥ የአሥር ዓመቷ ልጁ በአንዲት ቆርኪ ንጉሡን ያዘችበት። «በቆርኪ?» አለ ደንግጦ።

በቆርኪ፣ ጋሼ። ክብሩ እሱ ነው።