ከቅዳሜ ሹር እስከ መፈሰኪያ

እብናት ላይም ሆነ ደብረ ታቦር፣ በፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ገበታውን ተሰናድቶ ያገኘዋል። ሥራው ያለቀው ቅዳሜ ነው። የቅዳሜዋ ስም ራሱ ታሪክ አለው፦ «ሹር» የግዕዙ «ሥዑር» የሕዝብ አጠራር ነው። ሠዐረ ማለት ሻረ፣ አስቀረ። አማርኛው «ሻረ»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው፤ ሹም ይሻራል፣ ቁስል ይሽራል። ቅዳሜ እንደ እሑድ ሰንበት ስለሆነች በሌላ ጊዜ ከእህል ውሃ ተከልክሎ አይጾምባትም፤ በዚህች ቀን ግን ይጾምባታል፣ ስለዚህ «የተሻረች» ተባለች። ጧት ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ የምድጃ ነው።

የዶሮው ሥራ የሚጀምረው ከቁሌት ነው፤ ቃሉም «ቆላ» ከሚለው ግስ ይመጣል፣ የቆሎና የቡና ቆላ ማለት ነው። ሽንኩርቱ በደረቁ ድስት ውስጥ በራሱ ውሃ እየላበ ይቁላላል፤ ቅቤው ገና ነው። ባለሙያዋ እየጾመች ስለሆነ ጨውን አትቀምስም። በሽታውና በወጡ መልክ ትመዝነዋለች፣ ካልሆነም አንድ ሕፃን ጠርታ ታስቀምሳለች። አሥራ ሁለቱ ብልቶች የሚገቡት ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ነው። እኔ በበኩሌ የዓመቱን ትልቁን ወጥ ሳይቀምሱ መሥራት ከየትኛውም የማብሰያ ጥበብ በላይ ይደንቀኛል።

ድፎውስ? «ደፋ» ማለት ገለበጠ፣ አፈሰሰ ነው፤ ዘውድም ቆብም ይደፋል፣ የሀገር ባለሙያም «ዳቦ ደፋሁ» ትላለች። ሊጡ በቅጠል ላይ ይፈስና እሳት ከላይም ከታችም ይነድበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። «ፋሲካ» ከግሪኩ «ፓስካ» የመጣ ነው፤ ግሪኩ ከአራማይኩ፣ አራማይኩም ከዕብራይስጡ «ፔሳሕ» ወስዶታል፤ ማለፍን የሚያመለክት ስም ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ስለቸኮሉ ሊጡ አልቦካም ነበር። የእኛ ድፎ ግን በእርሾ ኮምጠጥ እስኪል ተጠብቆ የሚደፋ ነው። ስሙ ረዥም መንገድ ተጉዞ እዚህ ሲደርስ ዳቦው ተለወጠ።

ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ የመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ግስ አለው። አንዱ «ገደፈ» ነው። በግዕዝ ገደፈ ጣለ፣ ተወ ማለት ነው፤ «ግድፈት» የሚለው የጽሑፍ ስሕተት ስምም ከዚሁ ወጣ። ጾሙ ሳይፈታ የገደፈ ሰው ነቀፋ አለበት፣ ፋሲካ ሌሊት የገደፈ ግን የሚገባውን አደረገ። ሁለተኛው «ፈሰከ» ነው፤ ከበዓሉ ስም የተወለደ ግስ። ሥጋና ቅቤ መብላት «መፈሰክ»፣ ምግቡም «ፍስክ» ሆነ። አንድ የበዓል ስም የሥጋና የወተት ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ሲደርስ፣ የጾሙ ርዝመት ከቋንቋው ውስጥ ይነበባል። ባዶ ሆዱ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ተልባ የሚጠጣም አለ።

በዚያ ንጋት «ቁርስ በላችሁ?» የሚል ጎረቤት የለም፤ «ፈሰካችሁ?» ነው። «ቁርስ» የቆረሰ ልጅ ነው፤ ከዳቦው ወይም ከእንጀራው ቆርሶ የሚበላ፣ የተራ ቀን ማለዳ ስም። ከቁራሽም የሚለየው በሁለት ፊደል ብቻ ነው። የግዕዙ ኅብስት መቁረሻ ግስ ሌላ ነው፦ ፈተተ። በቅዳሴው «ጸሎተ ፈትቶ» የሚባለው ቅዱስ ሥጋው የሚፈተትበት ጸሎት ነው። ይኸው ግስ ተደጋግሞ «ፈተፈተ»ን ወለደ። ቅዱሱ ግስ ወደ ጓዳ መውረዱን አልነቅፍም፤ ሰኞ ጧት የተረፈው ዶሮ ወጥ በእንጀራ ሲፈተፈት፣ ያኔ ቁርስ ይባላል።