ብዕርና ሥልጣን፦ ከባግዳድ ዲዋን እስከ በርታ ምድር

የአረብኛን ፊደላት መጠን በነጥብ በመለካት የጽሕፈትን ሥርዓት እንዳቆመ የሚነገርለት ኢብን ሙቅላ፣ በ328 ዓመተ ሂጅራ በባግዳድ እስር ቤት ሞተ። ለሦስት የዐባሲያ ኸሊፋዎች ወዚር ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ሲሸነፍ ቅጣቱ በቀኝ እጁ ላይ አረፈ፤ ቁርኣንን የጻፈበት እጁ ተቆረጠ። በቻይናም የታንግ ሥርወ መንግሥት ሹምና ስመ ጥር የቁም ጸሐፊ የነበረው ያን ጄንቺንግ፣ በጠላው ሚኒስትር ምክንያት ወደ ዐማፂ የጦር አዛዥ ተልኮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ785 በዚያው ተገደለ። በነገሥታት ደጅ ብዕር የያዘ ሰው ከሥልጣን ክብርም ከሥልጣን አደጋም አልራቀም።

ይህ እውነት በአገራችንም ምልክቱን ትቷል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ያስገደዱት አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ማኅተማቸው በአማርኛና በአረብኛ የተቀረጸ ነበር። ከግብፅና ከሱዳን ጋር ለሚደረገው መላላክ የአረብኛ ጽሕፈት የግድ ነበርና፣ እምነቱን የተጫነው ዙፋን ብዕሩን ሊተወው አልቻለም።

በምዕራብ ደግሞ ሸርቆሌን ጨምሮ የበርታ ምድር ከሱዳን ጋር በንግድ፣ በጋብቻና በሃይማኖት የተሳሰረ ነው። ከዚያ የመጡ ነጋዴዎችና ፈቂሆች ከበርታ ቤተሰቦች ጋር ተጋብተው የገዢ ቤቶች ተመሠረቱ፤ አረብኛም የትምህርትና የደብዳቤ ቋንቋ ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ሲዘምቱ እንደ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ያሉ ገዢዎች በኦምዱርማንና በአዲስ አበባ መካከል ቆመው ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈረመው የወሰን ውል አካባቢውን ለኢትዮጵያ ቢያጸናም፣ በካርቱም የተቀመጠው የእንግሊዝ አስተዳደር ጎረቤት ሆኖ ቀረ። እንዲህ ባለ ስፍራ አንዲት ሰላምታ ወይም አንድ የማዕረግ ስም ታማኝነትን ታስመሰክር ወይም ታስጠረጥር ነበር። ይሁን እንጂ ማኅተሙ የሼኹን ስም እንጂ የጸሐፊውን አይሸከምም።

በነቀምት የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ቤት የተጠበቁት የአማርኛ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ለኅትመት በቅተዋል። በየቤቱ ሳጥን ያሉ የአረብኛ ወረቀቶች ግን ሌላ አደጋ አለባቸው፤ አደጋውም ከአክብሮት የሚመጣ ነው። የአላህ ስም ያለበት ያረጀ ወረቀት እንዳይረገጥ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ደብዳቤም በቢስሚላህ ስለሚጀምር ከሙስሐፍ ቅጠል ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ወረቀት ይዞ የሚመጣን ሰው የሚቀበል ኢማም ወይም መምህር ከመፍረዱ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ማኅተሙንና የሂጅራውን ዘመን ይመልከት፤ ይመዝግብም። ስሙ ያልተጻፈው ጸሐፊ ለእኛ የተወልን ምስክር የእጁ ጽሕፈት ብቻ ነውና።